ፀሐይ ስትወጣ ይምጡ

መስከረም 12 ቀን 2014፣ ረቡዕ፣ መርሳ

ይህ ደብተር ለክሊኒኩ መዝገብ ተብሎ የተገዛ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ደሞዜ ነሐሴ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደሴ ሲወጣ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ «ኢሕሳን፣ አደራ» አለኝ። አደራ በልቼ አላውቅም፤ አሁንም አልጀምርም። ደብተሩን ግን ለራሴ አድርጌዋለሁ፤ የሚጠይቀኝም የለ።

ከተማው በጦርነቱ ከተያዘ ወዲህ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። መኪና ወደ ወልድያም ወደ ደሴም አይንቀሳቀስም። የክሊኒኩ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ ድሮ የሚያጠራጥር ደም ሲገጥመኝ በሚኒባስ ወልድያ ልኬ በማግስቱ መልስ አገኝ ነበር። አሁን በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢገኝ እንኳ እዚያም ያለው ያው እንደኛው ጨለማ ነው። ትልቁ ማይክሮስኮፕ ያለ መብራት አይሠራም፣ ጨርቅ አልብሼ ጥግ አስቀምጬዋለሁ።

እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም። ደሞዜ ከተማሪነቱ ጀምሮ ያኖራት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበረች። ከሥሯ ክብ መስታወት አላት፤ መስታወቷ ፀሐይ ተቀብላ ብርሃኑን ወደ ላይ ትልካለች። ሊጥላት ሲል «ተው፣ ትኑር» ያልኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛውን በጓሮ በር በኩል አወጣሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ አለኝ፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ጥላ ይመጣብኛል። እኔ እስከማውቀው ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ ዛሬ ደም አይቶ በሽታ የሚለይ ዓይን የኔ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለኩራትም ነው።

መስከረም 14፣ ዓርብ

አገኘሁት። ወላሂ አገኘሁት።

ከቆቦ በኩል ተፈናቅለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሰፈሩት አንዲት ሴት መጣች። ወንዳወቅ ሁለት ጊዜ የወባ ክኒን ሰጥቷት አልተሻላትም። ወንዳወቅ ነርስ ነው፣ አብረን ነው የምንሠራው፣ እሱም እንደኔ የቀረ ነው። ጣቷን ወግቼ ደሟን መስታወት ላይ አድርቄ ቀለም ቀባሁና ፀሐይዋ ሥር አየሁት። ወባ የለም። በደሙ መሃል ግን የተጠማዘዘ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ነገር፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ግርሻ!

ተምሬው ነበር እንጂ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በልብስ ቅማል ነው የሚተላለፈው። አምስት ስድስት ቀን እንደ እሳት ያነድና በላብ አጥምቆ ይለቃል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይነሣል፤ ሳምንት ቆይቶ ያገረሻል። ደካማውን ሰው ሲመለስ ነው የሚጥለው። የወባ ክኒን አይነካውም። አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ግን ድራሹን ያጠፋዋል። ደሙ መታየት ያለበት ትኩሳቱ ሳይለቅ ነው፤ ከለቀቀ በኋላ ከደም ይሰወራል።

ማታ ለአባ ነገርኳቸው። «ማሻአላህ፣ ዓይንሽን አላህ ይጠብቀው» አሉኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባ ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት። እርሻቸው ከቅድመ አያቴ ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ዘንድሮ ግን ማን ያርሳል።

መስከረም 19፣ ረቡዕ

ከወንዳወቅ ጋር ተጣላን፤ ማለት እኔ ተጣላሁ፣ እሱ ሳቀ።

እሱ የሚለው፣ ትኩሳት ይዞ ከትምህርት ቤቱ የመጣ ሁሉ መርፌውን ይወጋ ነው። እኔ ደግሞ አርባ መርፌ ብቻ ነው ያለን አልኩት። ግማሹ ሰው ወባ ነው፤ ለወባው ሰው ብንወጋው የግርሻውን ሰው ቀማነው ማለት ነው። ሌላም አለ፤ መርፌው በተወጋ በሰዓታት ውስጥ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ደም ግፊት ይወርዳል። ደካማ ሰው በዚያው ሊሄድ ይችላል። እኔ በግምት ሰው አልገድልም። ዓይኔ ሳያይ መርፌ አይወጣም አልኩት፤ ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሠርኩ።

«ፀሐይ የማትወጣ ቀንስ፣ ዶክተሯ?» አለኝ።

ፀሐይ ምን ጊዜም ትወጣለች አልኩት።

ማታ የኩራዝ ብርሃን ሞክሬያለሁ፤ ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ ይርገበገባል፣ ያቺን ፀጉር የምታህል ነገር ፈጽሞ አያሳይም። በስልኬ ባትሪ እንዳልሞክር፣ ቻርጅ የሚደረግበት ስለሌለ ስልኩ ከሞተ ቆይቷል።

መስከረም 22፣ ቅዳሜ

ሰልፉ አስፋልቱን ሊነካ ደረሰ። በረኛው አማን ካርቶን ቆራርጦ ቁጥር ጽፎ ማደል ጀመረ። በቀን ሠላሳ ካርድ፤ ዓይኔ ከዚያ በላይ አይችልም።

አንድ የማውቀው ነጋዴ አንድ ገንቦ ማር ይዞ በጓሮ በር ብቅ አለ፤ ልጁን እንዳስቀድምለት ነው። ማሩን ይዞ እንዲመለስ ነገርኩት። ሰልፈኛው እየሰማኝ «እዚህ ቤት የኔ ሰው የሚባል የለም፤ አባቴም ቢመጡ ተራቸውን ይጠብቃሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ ደስ አለው። አንዷ እልል አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ።

መስከረም 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ዘጠኝ ግርሻ፣ አሥራ አንድ ወባ። አልሐምዱሊላህ፣ የተወጉት ሁሉ ድነዋል። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ሴቶቹን ሰብስቤ ልብሳቸውን በፈላ ውሃ እንዲቀቅሉ አስተማርኳቸው። ጥሩ መምህር ይወጣኝ ነበር።

ቤት ስገባ እንደለመድኩት እንግዳ አለ። አባ ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኙትን ይዘው ይመጣሉ፤ ዛሬ ሁለት ናቸው፣ አባትና ጎረምሳ፣ ከቆቦ በእግር የመጡ። አባ ያላቸውን አንድ ጋቢ አለበሷቸው፤ እሳቸው በነጠላ ተኙ። ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው። እንግዳው ሲሄድ መልሰው ይለብሱታል። እኔ ጋቢውን ልጠበው ብዬ ነበር፤ «እንግዳ ከቤት እንደወጣ ጋቢው ታጥቦ ከተሰጣ ተጸየፉኝ ይላል፤ ሰው አይዋረድም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ወሎ ሲባል ይኸው አይደል። ተውኩት።

ሳሙናም ጠፍቷል። አባ ጀርባቸውን በግድግዳው ሲያሹ አይቼ እንደ በሬ ብዬ ሳቅሁባቸው፣ እሳቸውም ሳቁ።

ጥቅምት 1፣ ሰኞ

ሠላሳ ካርድ። ሠላሳም አየሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ወንዳወቅ በቆሎ ጠብሶ አመጣልኝ፤ መታረቃችን ነው መሰለኝ።

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ

አባን ብርድ ብርድ ብሏቸዋል። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ጉልበታቸውን ይቆረጥማቸዋል። ግንባራቸው ይፋጃል። ወባ ነው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር ያው ነው፤ ቆላ ያደገ ሰው ወባ ወዳጁ ነው ይላሉ ራሳቸው። ቤት ያስቀመጥኩትን የወባ ክኒን አስጀመርኳቸው። የአባቴን ወባ ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልገኝም።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ

አማን አባትሽ በጠዋት መጥተው ነበር አለኝ። ካርድ ቁጥር አሥራ አንድ ይዘው ከሰው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው፣ ካርዱን ልጅ ላዘለች ሴት ሰጥተው ሄዱ። ቤት መዋል አይችሉም፣ ሰው ካላጫወቱ ያማቸዋል። ዐርፈው ቢተኙ ምን አለበት!

ጥቅምት 7፣ እሁድ

አባ ዛሬም መጥተው ነበር። ቁጥር ስድስት። ለማን እንደሰጡት አማን አላስተዋለም። ማታ «ምን ይሠራሉ እዚያ?» ብላቸው «ምንም፣ የሰው ፊት ልይ ብዬ» አሉኝ። እህል አልቀመሱም። ክኒኑ ሆድ ይዘጋል።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

እንዳልኩት ለቀቃቸው! ትናንት ሌሊት በላብ ተጠምቀው አደሩ፤ ጠዋት ተነሥተው ታጠቡና ነጭ ለብሰው ለመውሊድ መስጊድ ሄዱ። ዘንድሮ መውሊዱ ድቤ የለውም፣ ሰዉም በፍርሃት ነው የተሰበሰበው፣ ግን አባ ከመንዙማው አንድም አላስቀሩም አሉ። ፊታቸው ገርጥቷል እንጂ ደኅና ናቸው።

ለወንዳወቅ ነገርኩት። ስንት ቀን ቆየባቸው ብሎ ጠየቀኝ። አምስት አልኩት። ደማቸውን አየሽው ወይ አለኝ። አባቴን ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ፣ ክኒኑም ሠርቷል አልኩት። ይህ ልጅ አንዳንዴ ቅናት ቢጤ ይሰማዋል።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ ሰው በቃሬዛ መጣ። ሞገስ ይባላል፣ ከትምህርት ቤቱ ነው፣ ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው። ሚስቱ አለሚቱ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ራሷ ይዛለች። ቀደም ብሎ አንዴ አሞት ተሽሎት ነበር አለች፤ አሁን ተመልሶበት ነው።

ጥላው ጠረጴዛውን አልፎ ነበር። ደሙን ወስጄ ቀለም ቀባሁ፣ ማየት ግን አልተቻለም። ወንዳወቅ ጎኔ መጥቶ ቀስ ብሎ ስጪኝ፣ ልውጋው አለኝ። ይህ ግርሻ ለመሆኑ ዓይን አያስፈልገውም አለ። ሰውየው ግን ደክሟል፤ ወባ ሆኖ በመርፌው ቢንቀጠቀጥ እዚያው እጃችን ላይ ይቀራል። ደንብ ለአንድ ሰው ከተጣሰ ነገ ለሠላሳ ይጣሳል። አሥራ ስምንት መርፌ ነው የቀረን።

አለሚቱን «ነገ ፀሐይ ስትወጣ ይምጡ፤ የመጀመሪያው እሱ ነው» አልኳት። እሺ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ አለችኝ። ቃሬዛውን አንሥተው ሄዱ።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ

ደመና። በጥቅምት ደመና! ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ሳይ ዋልኩ። ቃሬዛው አልመጣም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደመናው ገለል አለ፤ መስታወቷን አዙሬ የሞገስን ደም አየሁት። ሞልቷል። የትም ብታይ እነሱ ናቸው።

መርፌውን ይዤ ከወንዳወቅ ጋር ሮጥን። አራት ሰዓት ላይ ሞቷል።

ግርሻ መሆኑን ለይቻለሁ። በትክክል።

ጥቅምት 14፣ እሁድ

በቦታዬ ማን ቢሆን ይኸንኑ ያደርግ ነበር። ዓርብ ማታ ብወጋው ኖሮ መንቀጥቀጡ ራሱ ሊገድለው ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ኢሕሳን ገደለችው ይባል ነበር። መርፌው ውስን ነው። ደንብ ያስፈለገው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ትክክል ነበርኩ።

ወንዳወቅ ሥራውን ብቻ ይሠራል። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቅሶ ስደርስ አለሚቱ ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ውጤቱ ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ግርሻ ነበር አልኳት። ራሷን ነቅንቃ «እንኳን ታወቀ» አለች። እሷን ከማየት ሠላሳ ሰዎች ቢሰድቡኝ በመረጥኩ።

ትክክል ነበርኩ።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

ሥራ። ሥራ ብቻ። ሃያ ሁለት አየሁ፣ አሥሩ ግርሻ። ስምንት መርፌ ቀረን። አባ እራት ላይ ብዙ አልበሉም። ነገ ሥጋ ካገኘሁ መረቅ እሠራላቸዋለሁ።

ጥቅምት 17፣ ረቡዕ፣ ማታ

ተመለሰ።

አሁኑኑ ካልጻፍኩት ራሴን እዋሸዋለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ስገባ አባ ጥርሳቸው ይጋጫል። ግንባራቸውን ስነካ እጄን አቃጠለኝ። ቆሜ በጣቴ ቀን ቆጠርኩ። ከጥቅምት አራት እስከ ዘጠኝ፣ አምስት ቀን። በላብ ለቀቀ። ከዘጠኝ እስከ ዛሬ ስምንት ቀን። ይህንን ቁጥር ለመቶ ሰው በቃሌ አስረድቻለሁ። ኩራዙን አምጥቼ የለበሱትን ጋቢ ስፌቱን ገለጥኩ። ተደርድረዋል። ያ ስንቱን እንግዳ ያለበሰ ጋቢ፣ ልጠበው ብዬ በአንድ ቃል የተውኩት ጋቢ። ልብስ ቀቅሉ እያልኩ አገሩን ስዞር በገዛ ቤቴ።

ፀሐይ የለም። ጣታቸውን ወግቼ ደማቸውን መስታወት ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሰዓት እላፊውን ጥሼ ወንዳወቅ ቤት ድረስ ሄድኩና በሩን ደበደብኩ። ሳይጠይቀኝ ጫማውን አደረገ። ክሊኒኩን ከፍተን ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ቁልፉን ከአንገቴ ላይ ለማውጣት አልቻልኩም፣ ክሩን በጠሰው።

ቤት ደርሰን አባ አጠገብ ስንቀመጥ መርፌውን ይዞ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ሳታዪ?» አለ።

«ሳላይ» አልኩት።

ከተወጉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ መጣ። አልጋው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ትኩሳቱ ወጣ፣ የልብ ምታቸው እየቀጠነ ከጣቴ ሥር ይጠፋብኛል። ወንዳወቅ እግራቸውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እኔ ውሃና ስኳር በማንኪያ ሳጠጣቸው ቆየን። ስድስት ሰዓት ላይ ረገበ፤ ላብ መጣ።

ዓይናቸውን ሲገልጡ «አባ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ተራ ይዤ ነበር'ኮ» አሉኝ። «አባቴም ቢመጡ ይጠብቃሉ ብለሽ የለም? ሁለት ቀን ያዝኩ። ካርዱን ስይዝ ደግሞ ከኋላዬ ከኔ የባሰ ይቆማል። ምን ላድርግ፣ ልጄ።»

ሰው ሊያጫውቱ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ገልጬ አየሁት፤ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት 18፣ ሐሙስ

ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሦስት ሰዓት ላይ የአባን ደም አየሁት። ግርሻ።

አባ አጥሚት ጠጡ። አልሐምዱሊላህ። ጋቢውን ቀቀልኩት፣ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

ትናንት ማታ ፀሐይ አልነበረም። ዓርብ ማታም አልነበረም።

ጥቅምት 20፣ ቅዳሜ

ወደ ደሴ በኩል ከትናንት ጀምሮ ከባድ መሣሪያ ይሰማል። ደሞዜ እዚያ ነው ያለው። ሰልፉ ግን አልቀነሰም፤ ትኩሳት ጦርነት አያውቅም።

ደንቡን ቀይሬዋለሁ። ትኩሳቱ አንዴ ትቶት የተመለሰበትንና ከትምህርት ቤቱ የመጣውን ደካማ ሰው፣ ፀሐይ ከሌለ፣ ወንዳወቅ አይቶት ይወጋዋል፤ ሌሊቱን አብረነው እናድራለን። ደሙን ጠዋት አየዋለሁ። ከቀሩን መርፌዎች ሁለቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ እሄዳለሁ። ይኸው፣ ለመለወጥ ሦስት መስመር አልፈጀብኝም። ዓርብ በጥቅምት አሥራ ሁለት ይህ ለምን አልታየኝም? የተማርኩበት መጽሐፍም ያው ነበር፣ መርፌውም ነበር፣ ወንዳወቅም ጎኔ ቆሞ ነግሮኝ ነበር። እኔ አላየሁም ማለት እወድ ነበር፤ አየሁት እንጂ። ሞገስ አባቴ አልነበረም፣ ይኸው ነው።

ለአባ ሁሉንም ነገርኳቸው። እኔ እንዲያጽናኑኝ ጠብቄ ነበር፤ ሁልጊዜ ያጽናኑኛል።

«ሂጂና ንገሪያት» አሉኝ። «ለኔ አይደለም የሚነገረው። የሰው ሐቅ ነው፣ ልጄ፤ አላህም ቢሆን ባለሐቁ ካልተወው አይተወውም።»

ነገ ብዙ ሥራ አለ አልኳቸው። እውነትም አለ።

ጥቅምት 21፣ እሁድ

አልሄድኩም። ሰልፉ ረዥም ነበር። ካርድ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ፤ አማን ብዙ ሰው መለሰ። በሥራ የተያዝኩ ነኝ እንጂ የፈራሁ አይደለሁም።

ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ሥራ እንደጨረስን ሄድኩ። ወንዳወቅ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘኝ፤ ግቢ ግን አልገባም፣ ያንቺ ጉዳይ ነው ብሎ በሩ ላይ ቀረ።

አለሚቱ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ናት፤ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ሰሌን አንጥፋ ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጎረቤቶቿ ሲያዩኝ ብቻችንን እንድናወራ ብለው ነው መሰል ፈንጠር አሉ። ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ከተቀመጥኩ አልጨርሰውም። አባቴ እንደሞገስ ሆነው ረቡዕ ማታ እንዳገኘኋቸው፣ ፀሐይ እንዳልነበረ፣ እንዳልጠበቅሁ፣ ሳላይ እንዳስወጋኋቸው፣ እንደዳኑ ነገርኳት። አንድም ሰበብ አልጨመርኩም። ሰበብ ሞልቶኝ ነበር።

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«የዚያን ለት መድኃኒቱ ነበረ?» አለችኝ።

«ነበረ።»

«አባትሽ ግን አልጠበቁም።»

«አልጠበቁም።»

ሰድባ ታስወጣኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅር ትለኛለችም ብዬ በልቤ ተመኝቼ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ሞገስ ሲመለስ በቃሬዛው ላይ ሆኖ ጎበዝ ልጅ ናት፣ አትሳሳትም ሲል እንደነበረ ብቻ ነገረችኝ። ያን ስትለኝ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ድምፅዋ የደረቀ ነው። ከንፈሯም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ያን ጊዜ ነው ያየኋት፤ እስከዚያ ድረስ የራሴን ነገር ስናገር አላየኋትም ነበር። እጇን ስነካ ይፋጃል።

ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከዓርብ ጀምሮ፤ ከሁለት ሳምንት በፊትም አንዴ አሟት ለቋት ነበር። ለምን አልመጣሽም አልኳት። ትናንት መጥታ ነበር፤ ካርድ አልቋል ተብላ ተመለሰች። ትናንት እኔ ፈርቼ ከጓሮ ስደበቅ እሷ ከፊት በር ተመልሳለች ማለት ነው።

«ምንም አይደል» አለችኝ፣ «ነገ ፀሐይ ስትወጣ እመጣለሁ።»

ጀምበር ጠልቃ ነበር። ነገ አይደለም፣ አሁን ነው አልኳትና ወንዳወቅን ከበሩ ጠራሁት። መርፌው ምን እንደሚያደርጋት፣ እንደሚያንቀጠቅጣት፣ ሊጥላትም እንደሚችል ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ደምሽን እስከ ጠዋት ማየት አልችልም፣ ልሳሳትም እችላለሁ አልኳት። በሕይወቴ ለበሽተኛ ልሳሳት እችላለሁ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ክንዷን ገልጣ ሰጠችው።

ይህን የምጽፈው እዚያው፣ ከሰሌኗ ጫፍ ተቀምጬ፣ በጎረቤቶቿ ኩራዝ ነው። ወንዳወቅ ውሃ ሊቀዳ ወጥቷል። መንቀጥቀጡ አሁን ጀመራት። እጇን ልያዝላት።